የማዶው ኮርማ ቆብ

ወሬውን የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ፓርኪንጉ ላይ ነው። ጥቅምት ውስጥ ነበር፣ እሑድ። ከቅዳሴ ወጥተን ልጄ ሰላም መኪናውን እስክታሞቅ ድረስ ነጠላዬን አጥብቄ ቆሜያለሁ። ጋሼ ሙላት ስልኩን እንደ ጧፍ ከፊቱ ይዞ በመኪኖቹ መሐል ሲመጣ አየሁት። "እትዬ ጥሩ፣ ነይ እስቲ እዪ፤ ኮርማው ተመልሷል" አለኝ። እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ የአንድ ሰው በሬ ጠፍቶ የተገኘ ነው። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ሲያደርገው ግን ሜዳውን አወቅሁት። የኛው ሜዳ፣ ከወንዙ ዳር ያለው። ሰው እንደ ድሮው ከቦ ቆሟል፤ መሐል ላይ ሁለት ኮርሞች ግንባር ለግንባር ገጥመው ይገፋፋሉ።

ጋሼ ሙላት የወንዝ ማዶ ሰው ነው። አገራችን ላይ ሁለት አጥቢያዎች አሉ፣ በመሐላቸው አንድ ወንዝ። ከዳገቱ ያለው ላይ ቤት፣ ከሜዳው ያለው ታች ቤት ይባላል። እሱ የላይ ቤት ልጅ ነው፣ እኔ የታች ቤት። ዕድሜውን ሙሉ ትልቅ መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን እዚህ አሜሪካ፣ ክሊንተንቪል ጡረታውን ይዞ ተቀምጧል፤ እኔ ካናል ዊንቸስተር ከልጄ ጋር ነኝ። ኦሃዮ ግን ያን ወንዝ አላደረቀልንም። ክርስትና ቤት ሲያገኘኝ ሳህን ይዛ የምትዞረውን ልጅ "ለእትዬ ጥሩ በጎን በኩል አቅርቢላት፤ የታች ቤት ሰው ፊት ለፊት ከመጡበት ዞሮ ይሄዳል" ይላታል። ልጅቱ አይገባትም፣ ፈገግ ብላ ታልፋለች። እኔ ደግሞ "ባለፈው የዞረው ማን ነበር?" እለዋለሁ። ባለፈው የምንለው እኔ ገና ሹሩባ ስሠራ የነበረውን ጊዜ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ጥምቀት አልፎ፣ እህል ጎተራ ገብቶ፣ ሰውም ከብትም እፎይ ሲል ሁለቱ አጥቢያዎች አንድ አንድ ኮርማ ይዘው ሜዳው ላይ ይገናኛሉ። ኮርሞቹ ግንባራቸውን ገጥመው ይገፋፋሉ። ቀድሞ ጀርባውን ያዞረ ተሸነፈ፣ አለቀ። ጦር የለ፣ ዱላ የለ፣ የሚታረድ የለ፤ ማታ ሁለቱም በየበረታቸው ሣራቸውን ያመነዥካሉ። ደም ከወረደ ጨዋታው ፈረሰ። የነፍስ አባታችን ከሾላው ሥር መስቀላቸውን ይዘው የሚቆሙት ለዚሁ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ካዩ ያሸነፈውም ቢሆን ደጀ ሰላም አይደርስም። ደም እንዳይወርድ ታዲያ በየቀንዱ ጫፍ ቆብ ይደረጋል። ቆዳ ነው፣ ውስጡ ባዘቶ የታጨቀ። ይህ ቆብ ነው የኔ ነገር። እናቴ ትሰፋው ነበር፤ ከእሷ በኋላ እኔ ሰፋሁት።

ግን የምንሰፋው ለራሳችን ኮርማ አልነበረም። የታች ቤት ሴቶች የምንሰፋው ለላይ ቤቱ ኮርማ ነው፤ የላይ ቤቶቹ ደግሞ ለኛው። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር አልዋጥ ብሎኝ እናቴን ጠየቅኋት። ያን ጊዜ የኛው ኮርማ መጋላ ይባላል፣ ቀይ፣ ሻኛው እንደ ጉብታ የሆነ። የራሳችንን መጋላ አስውበን በመስፋት ፈንታ ለምን ለሰው ኮርማ እንደክማለን አልኳት። መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ "የመጋላ ቀንድ መጋላን አይወጋውም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ቆቡን መስፋት ቀላሉ ነው። ከባዱ ማጥለቁ ነው። የማያውቅሽ ኮርማ ቀንዱን አያስነካሽም። ስለዚህ ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ወንዙን እየተሻገርኩ ላይ ቤት እወጣ ነበር፣ ጨው ይዤ። አሞሌ ጨው በስሙኒ ከአርብ ገበያ ይገዛል፤ ከጨው ነጋዴዎቹ ጎን ጫማ የሚሸጥ አንድ አፍንጫ ጎራዳ ሰውዬ ነበር፤ የጎማ ኮንጎ ጫማ በገመድ እያንጠለጠለ ሲያወዛውዘው እኔ ጨውን ረስቼ እሱን ሳይ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ቀሚሳችን ሁሉ አንድ ዓይነት አቡጀዲ ነው፤ ለጥምቀት የሚወጣው ብቻ ጠርዙ ላይ ጥለት አለው። የወንዶቹ ካኪ ኮት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እጅጌው ብቻ ነው የሚያጥረው። አሁን ሰላም ለልጆቿ በኢንተርኔት ጫማ ስታዝ፣ ሳጥኑ በር ላይ ሲጣል፣ ያ ሰውዬ በዓይኔ ይመጣል። ሰው ከሌለበት፣ ማወዛወዝ ከሌለበት፣ ምኑን ጫማ ገዛሁ ይባላል።

የላይ ቤቱ ኮርማ ቦራ ነበር ስሙ። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። መጀመሪያ ያየኝ ቀን አጥሩን ሊያፈርስ ደረሰ። እየቆየ ግን ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን ያዞር ጀመር፤ በመጨረሻ ምላሱን እንደ ሞረድ በመዳፌ ላይ እያሻሸ ጨውን ሲልስ ዓይኑን ይጨፍናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከመጋላ ይልቅ ቦራን ወደድኩት። የኛ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምን ይሉኝ እንደነበር እንጃ። ሜዳው ላይ እንደ ሁሉም ሰው "በለው መጋላ" እያልኩ ውስጤ ቦራ እንዳይወድቅ ይጸልይ ነበር። ደግነቱ ጨዋታው ለመጣል አይደለም፣ ለማዞር ነው።

እኔ ዳገቱን ስወጣ አንዲት ልጅ ቁልቁል ትወርዳለች፣ የሷን ጨው ይዛ ወደ መጋላ። የላይ ቤቷ ሰፊ እሷ ነበረች። በወንዙ ድንጋዮች ላይ እንተላለፋለን፤ ሰላም አንባባልም። ጨዋታው እስኪያልቅ ሁለቱ ቆብ ሰፊዎች እንዳይነጋገሩ ደንብ ነው፣ ተስማሙ እንዳይባል። ስሟን እንኳ አላውቅም፤ በዚያ ወራት እኔ የቦራ እናት፣ እሷ የመጋላ እናት ነው የምንባለው። ኮንጎ ጫማ ነበራት፣ ሰማያዊ። ድንጋዩ ላይ ስትረግጥ ውኃው በቀዳዳው እየገባ ይንጫጫል። እኔ በባዶ እግሬ ቆሜ አሳልፋታለሁ፤ ጫማዋን እንዳላየሁ ሆኜ ሰማዩን አያለሁ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማነጋገር ይቻል ነበር፤ ግን ሁለታችንም አፋር ነበርንና ቀረ።

የጨዋታው ዕለት ማለዳ ሴቶቹ ወደየማዶአቸው ይሻገራሉ። ቆቡ የሚጠለቀው እርጥብ ሳለ ነው፤ ሥሩን በእርጥብ ጠፍር ታስሪዋለሽ፣ ፀሐይ ሲነካው ቆዳው ይኮማተርና ቀንዱን ነክሶ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ተራራ ቢገፋም አይወልቅ። ወንድ በዚያ ሰዓት በረት አይገባም፤ ጠባቂው ብቻ አፍንጫውን ይዞ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ኮርሞቹ በሆታ ይወርዳሉ። የላይ ቤት ልጃገረዶች መጋላን ገና ከሩቅ ሲያዩት ይጀምራሉ፦

ቆቡን ደፍቶ መጣ መነኩሴ መስሎ፣
ቦራን ያየው ጊዜ ሄደ ዞሮ ቶሎ።

የኛዎቹ ዝም አይሉም፦

መነኩሴስ ይሁን ጸሎት መች አነሰው፣
ቦራን በአንድ ስግደት ማዶ የመለሰው።

እናቴ በመነኩሴ መቀለዱን አትወድም፤ ታማትባለች። ግን አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ካለቀ በኋላ የተሸናፊው ቆብ እዚያው ሜዳ ላይ ይፈታል። ያሸነፈው እንደ ደፋ እስከ ደጀ ሰላም ይሄዳል፣ እዚያ ያጠለቀችለት ሴት ራሷ ትፈታለታለች። ቦራ ባሸነፈበት ዓመት የላይ ቤት ሰው ሁሉ እየዘፈነ፣ እኔ የተሸናፊዎቹ ልጅ፣ ከፊት ከፊቱ ተጉዤ ቀንዱን ፈታሁለት። አሮጊቶቻቸው ግንባሬን ሳሙኝ።

አንድ ዓመት ግን ጨዋታው ቀረ። በዚያ ጊዜ ከኛ በኩል የምትሰፋው እናቴ ነበረች፣ ከላይ ቤት በኩል ደግሞ የዚያች ባለ ሰማያዊ ጫማ ልጅ እናት። ሴትየዋ በጥምቀት ሰሞን ወልዳ ተኛች። መጋላ የሚያውቃት ሌላ ሴት የለችም፣ ቆቡም አልተሰፋም። ሰው ግን ተሰብስቧል፤ ከሩቅ ገበያ ድረስ ሰምቶ የመጣ አለ። እናቴ ትርፍ ቆዳ ነበራትና የመጋላንም እኔ ልሥራው አለች። መጋላ የቤታችን ልጅ ነው፣ እንኳን ቀንዱን ጥርሱንም ያስነካታል። የኛ ሽማግሌዎች እሺ አሉ። የላይ ቤቱ ሽማግሌ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ሰው፣ "እመቤት፣ አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም" አሏት። "ግን ዛሬ ቦራ ቢቆስል፣ እነሱ ራሳቸው ሰፍተውት ነው የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው እኔ ራሴ ልሆን እችላለሁ። ለዚያች ቃል ስንል ይቅር።" ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። ኮርሞቹ በመጡበት ተመለሱ። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ለአዲሱ ጥለቴ። በዓመቱ የሴትየዋ ልጅ በእናቷ ቦታ ጨው ይዛ ወረደች፤ እኔም በእናቴ ቦታ ወጣሁ። እንዲያ ነው ወንዙ ላይ መተላለፍ የጀመርነው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ሜዳው ለሌላ ነገር ተፈለገ፣ ጎረምሶቹም ለሌላ ነገር ተፈለጉ። ኮርማ የሚያጋጥም ሰው ቀረ። እኔም በብዙ መንገድ ዞሬ እዚህ ደረስኩ።

ወደ ፓርኪንጉ ልመለስ። ቪዲዮው ላይ የላይ ቤቱ ኮርማ እየገፋ ሲሄድ ጋሼ ሙላት ትከሻው አብሮ ይገፋል። የኛው ዞረ። ጋሼ ሙላት "አየሽ" አለኝ፣ ደስታው ሊያስነጥሰው ደርሶ። እኔ ግን የማየው ቀንዱን ነው። ባዶ ነው። የሁለቱም ባዶ። የኛው ኮርማ ሲዞር ደግሞ ብብቱ ሥር ቀይ ነገር ወርዷል፤ ሰዉ ያን ሲያይ ጩኸቱን ጨመረ። ከዚያ ጎረምሶች ሮጠው ገቡና ላሸነፈው የሚያብረቀርቅ ጨርቅ የለበሰ፣ የላስቲክ አበባ የተሰካበት ቆብ ቀንዱ ላይ ደፉለት።

"ቆቡን ምነው አሁን?" አልኩት።

"ላሸናፊው ነዋ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው" አለ፣ ኮራ ብሎ። ልጆቹ ጨዋታውን ለማስነሣት፣ ጥምቀትን ሳይጠብቁ ለሙከራ ሊያጋጥሙ ሲያስቡ ደውለው ጠይቀውት፣ ያሸነፈው ቆብ ደፍቶ ደጀ ሰላም ድረስ እንደሚሄድ አጫውቷቸዋል። እውነቱን ነው፤ ውሸት አልተናገረም። ጅራቱን ነግሯቸው ራሱን ተወው እንጂ። ከልጆቹም የድሮውን ያየ የለም፣ ቆብ ማለት ዘውድ ነው ብለው ያዙት።

"ሲጋጠሙስ ባዶ ነበሩ ወይ ጋሼ?" አልኩት።

ቪዲዮውን መልሶ ከመጀመሪያው አየው። "እኔ እኮ የማየው ማን እንደሚዞር ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ቀንድ ማን ያያል?" ከዚያ ወዲያ ስለ ታች ቤት አንድም ቃል ሳይተርብ ሄደ፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ የወንድሜን ልጅ ደሳለኝን ኮል አደረግኩት። ታች ቤት ያሉትን ልጆች የሚያስተባብረው እሱ ነው። ኮርማው ድኗል አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ስሙንም በድሮው ስም መጋላ ብለውታል። ግን የኛዎቹ ጎረምሶች ለሚመጣው ጥምቀት ቀንዱን በጠርሙስ ስባሪ ፍቀን እናሾለዋለን እያሉ ነው። ላይ ቤቶቹም ይህን ሰምተው የነሱን ሊያሾሉ ነው። ቄሱም ቀርበው አይተው ተቆጥተዋል፣ የሚሰማቸው ጠፋ እንጂ። የቆቡን ነገር ስነግረው ደሳለኝ "እቴቴ፣ ይሄ ነገር ከመጣልኝ አፋቸውን እዘጋለሁ። አራቱንም ስፊና ለልደት ከሚመጣ ሰው ጋር ላኪልኝ" አለ።

"የማዶውን ሁለቱን እሰፋለሁ። የኛውን አልሰፋም" አልኩት።

"እቴቴ፣ አሁን ማን ያውቃል?"

"ዛሬ ማንም አያውቅም። የቆሰለ ቀን ሁሉም ያውቃል።"

የጎረምሳ ትዕግሥት አጭር ነው፤ ግን ከጥምቀት በፊት ከላይ ቤት የሚሰፋ ሰው ካገኘሁ ደሳለኝ ይይዛቸዋል፣ ቃል ገብቶልኛል። ካላገኘሁ ግን ሰው ጠፋ ተብሎ ቀንዱ ይፋቃል። ሰላም ጭንቀቴን አይታ "ማሚ፣ አራቱንም ሥሪና ሁለቱን ጋሼ ሙላት ነው የሰፋው በይ" አለችኝ። በነቢያት ጾም ነው ውሸት የምታስተምሪኝ አልኳት። ጾሙ ሲፈታስ አለች። ትንሿ ልጇ ደግሞ "ግራንማ፣ ዋይ ዶንት ዘይ ጀስት ሃግ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ዝም ብለው ለምን አይተቃቀፉም ማለቷ ነው። መገፋፋቱ ራሱ እንደዚያ ነው ብዬ ልመልስላት ፈለግሁ፣ እንግሊዝኛዬ አልደረሰበትም።

ጥሬ ቆዳ ማግኘቱ ሌላ ጣጣ ነበር። እዚህ ቆዳ ሁሉ ለፍቶ፣ ቀለም ጠጥቶ ነው የሚሸጠው፤ ያ ሲደርቅ አይነክስም። በመጨረሻ ሰላም የውሻና የድመት ምግብ ከሚሸጥበት መደብር ወሰደችኝ። ውሻ የሚያኝከው፣ አጥንት አስመስለው የቋጠሩት ነጭ ነገር አለ። እቃ ማጠቢያው ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሲፈታ ንጹሕ ጥሬ ቆዳ ሆኖ ተዘረጋ። የውሻ ምግብ በእጄ በመንካቴ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ቆዳው የላም ነው፣ ላሟ ምን አጠፋች ብዬ ተውኩት። ደሳለኝ የላይ ቤቱን ኮርማ ቀንድ በክር ለክቶ፣ ክሩን ከመዳፉ አጠገብ ዘርግቶ ፎቶ ላከልኝ። ባዘቶውን አጨቅሁ፣ ሰፋሁ። ጣቴ አልረሳውም። ጋሼ ሙላት መጥቶ በእጁ መዘነውና ለረጅም ጊዜ አገላብጦ ካየው በኋላ "ለኛ ልጅ ይሄን ያህል ትደክሙ ነበር?" አለኝ። ቀልድ አልነበረበትም።

ስለ ባለ ሰማያዊ ጫማዋ ልጅም እሱን ጠየቅሁት። ወንዶች በረት ስለማይገቡ ብዙ አያውቅም። የደብተራው ልጅ ትመስለኛለች፣ ወይ የእህታቸው ልጅ፣ ብቻ በኋላ ወደ ከተማ ሄዳለች ሲባል ሰምቻለሁ አለኝ። አንድ ቀን ሱዳን አይቻታለሁ ያለው ሰው እንደነበር ትዝ አለው፤ ሰውየው ግን ሞቷል። እኔ የቀረኝ ነገር ደግሞ ከስሟ በላይ ነው። የድሮው መጋላ ግራ ቀንዱ ወደ ጆሮው ዘንበል ያለ ነበር፤ የአሁኑም ደሳለኝ በላከው ፎቶ እንደዚያው ነው፣ ዘሩ ነው መሰለኝ። እንዲህ ያለ ቀንድ ላይ ቆብ ይንሸራተታል፣ ጠፍሩም ቢደርቅ የሚነክሰው ወገብ የለውም። የሷ ግን አንድም ቀን አልወለቀም። እንዴት እንዳሰረችው አላየሁም፤ የራሳችንን ኮርማ ቆብ ቀርበን ማየት አይፈቀድልንም ነበርና።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የላይ ቤት ልጆች፣ የትም ብትሆኑ፣ እዚህ አሜሪካም፣ ሱዳንም፣ አገር ቤትም፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚያ ዘመን ሜዳው ላይ የነበሩ እናቶቻችሁን ጠይቁ። የመጋላን ቆብ ትሰፋ የነበረችውን ሴት የሚያውቃት ካለ ስሟንና ያለችበትን ይንገረኝ። እሷ ካለፈች፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከበረቱ ውስጥ ጠፍር ያቀበለቻት፣ ወይ በአጥር ቀዳዳ ያየች አንዲት ሴት አትጠፋም። ጠፍሩን በየት በኩል አዙራ እንደቋጠረችው ትናገር፤ ለኔ ሳይሆን ለላይ ቤት ሴቶች ትናገር፣ እነሱ ይስፉት። ራስሽ ይህን የምታነቢው ከሆነም፣ እኔ የቦራ እናት ነበርኩ፣ በድንጋዩ ላይ ሰላም ሳልልሽ የማልፈው። ጨዋታው ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኗልና አሁን መነጋገር እንችላለን። የላይ ቤቱን ቆብ ጨርሻለሁ። የኛው ኮርማ ግን ቀንዱ ባዶ ነው፣ እኔ ልሸፍነው አይገባኝም። እባክሽ ከጥምቀት በፊት ድረሽለት።